ከኮምቦልቻ እስከ ጦሳ፦ ከፍታ ሲለወጥ ተፈጥሮ እንዴት እንደሚለወጥ በራሳችሁ የምታጠኑበት መመሪያ

ከኮምቦልቻ ደሴ የሚመላለስ ሰው ነገሩን በቆዳው ያውቀዋል። ኮምቦልቻ ላይ የወለቀ ጃኬት ሐረጎ ላይ ይለበሳል። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1850 ሜትር አካባቢ ትገኛለች፤ ደሴ ደግሞ 2500 ሜትር አካባቢ። በዚያች አጭር መንገድ ማሽላው ይቀርና ስንዴና ገብስ ይመጣል። ወባም እንዲሁ ነው። በአገራችን ከ2000 ሜትር በታች ያለው ቦታ በአብዛኛው ወባማ ተብሎ ስለሚቆጠር፣ የወባ ወሰን የሚያልፈው በሁለቱ ከተሞች መካከል ነው።

እንዲህ ከቦታ ቦታ ቀስ በቀስ የሚለወጥ የአካባቢ ሁኔታ በሳይንሱ ግራዲየንት ይባላል። ሙቀት፣ እርጥበት፣ የአፈር ለምነት፣ ጨዋማነት፣ ብክለት፣ ሁሉም ግራዲየንት ሊሠሩ ይችላሉ። ሥነ ምህዳር ለዚህ ለውጥ ምን ምላሽ እንደሚሰጥ ለማጥናት ብዙ ሰው ሩቅ አገርና ውድ መሣሪያ የሚያስፈልግ ይመስለዋል። የደሴና የኮምቦልቻ ልጅ ግን ተራራው ደጁ ላይ ነው።

መመሪያው ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ለሚፈልግ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ለሚመራ መምህር፣ ወይም ዝም ብሎ ማወቅ ለሚፈልግ ሰው የተጻፈ ነው። ከመጀመሪያው አንድ ነገር ላስይዛችሁ። ከፍታ በራሱ ዛፍ አያበቅልም፣ ዛፍም አያደርቅም። ዛፉ ሜትር አይቆጥርም፤ የሚሰማው ብርዱ፣ ውሃው፣ አፈሩና መጥረቢያው ነው። እነዚህ ሁሉ ከከፍታ ጋር አብረው ይለወጣሉ። ጥሩ ጥናት የሚባለው እነሱን ነጣጥሎ የሚለካ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ለዚያ የሚሆን ዘዴ ነው።

ከመነሳታችን በፊት፣ ስለ ነገሩ ታሪክ ትንሽ

የጀርመኑ ተመራማሪ አሌክሳንደር ፎን ሁምቦልት ከፈረንሳዊው ባልደረባው ከቦንፕላን ጋር እ.ኤ.አ. በ1802 ኢኳዶር ውስጥ ያለውን ቺምቦራዞ ተራራ ወጡ። በ1807 የታተመው ሥዕላቸው ዕፅዋት በከፍታ እንዴት እንደሚደረደሩ ያሳያል። ከዚያ ወዲህ አንድ ትልቅ ክርክር ተነሣ። ፍሬድሪክ ክሌመንትስ የተባለው አሜሪካዊ ዕፅዋት በማኅበር ይኖራሉ፣ አብረው ይጀምራሉ፣ አብረው ያበቃሉ ይል ነበር። ሄንሪ ግሊሰን ደግሞ እያንዳንዱ ዝርያ በራሱ ፍላጎት ነው የሚሄደው አለ። በ1956 ሮበርት ዊታከር በአሜሪካ የስሞኪ ተራሮች ላይ የሠራውን ጥናት ሲያወጣ ውጤቱ ለግሊሰን አደላ። የእያንዳንዱ ዝርያ ብዛት በራሱ ቦታ ከፍ ብሎ፣ ቀስ እያለ ይወርዳል። ድንበራቸው አንድ ላይ አይገጥምም።

ይህ ነገር እኛንም ይነካናል። ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ ብለን መከፋፈላችን ለእርሻ በጣም ይጠቅማል። ወይና ደጋና ደጋ በግምት 2300 ሜትር ላይ ይለያያሉ እንላለን። ግን እዚያ ከፍታ ላይ ብትቆሙ መሬት ላይ የተሰመረ ነገር የለም። ወይራው ይቀጥላል፣ አንዱ ቁጥቋጦ ይቀራል፣ ሌላው ይጀምራል። የእኛ ተራራ ላይ ዝርያዎቹ በቡድን ነው የሚለወጡት ወይስ አንድ በአንድ? ይህን ብቻ ማጥናት በቂ ርዕስ ነው።

ደረጃ 1፦ ጥያቄውን አጥብቡት

«ከፍታ በዕፅዋት ላይ ያለው ተጽዕኖ» ጥያቄ አይደለም፤ የመጽሐፍ ርዕስ ነው። ጥያቄ የሚባለው መልሱ ሊሳሳት የሚችል ነገር ነው። «ከኮምቦልቻ በላይ ባለው የጎፍ ደን ውስጥ የዛፍ ዝርያ ብዛት ከታች ወደ ላይ እየቀነሰ ይሄዳል ወይስ መሐል ላይ ይበዛል?» ይህ ጥያቄ ነው። «የብሳና ቅጠል ኮምቦልቻ አካባቢ የሚበሰብሰው ከደሴ በፈጠነ ሁኔታ ነው ወይ? ልዩነቱ በሙቀት ነው ወይስ በእርጥበት?» ይህ ደግሞ ከፊተኛው ይሻላል፤ ምክንያቱንም ይጠይቃልና።

መስክ ከመውጣታችሁ በፊት የምትጠብቁትን በደብተር ጻፉ። ቀኑንም ጻፉበት። ዳታው ከመጣ በኋላ «እንዲህ እንደሚሆን አውቄ ነበር» ማለት ቀላል ነው።

ደረጃ 2፦ ከከፍታ ጋር ምን ምን እንደሚለወጥ ዘርዝሩ

በአማካይ ወደ ላይ 1000 ሜትር በወጣችሁ ቁጥር የአየሩ ሙቀት 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ይወርዳል። በኮምቦልቻና በደሴ መካከል ያለው ልዩነት 650 ሜትር ስለሆነ 4.2 ዲግሪ ገደማ እንጠብቃለን ማለት ነው። ይህ ግን አማካይ ነው። በበጋ ሌሊት ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ወደ ሸለቆ ይወርዳል። ያኔ የሸለቆው ወለል ከጎኑ ካለው ተዳፋት በላይ ሊበርድ ይችላል። ውርጭ ሜዳ ላይ ያለውን ሰብል መትቶ ተረተር ላይ ያለውን የሚተወው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ የሙቀት ስሌቱን እንደ መነሻ ያዙት እንጂ በመለኪያ ፋንታ አትጠቀሙበት።

የአየር ግፊትም ይቀንሳል። ጭጋግ ይበዛል። የአፈር ጥልቀት ይለወጣል፤ ገደላማ ቦታ ላይ አፈሩ ታጥቦ ይሄዳል፣ ታች ይከማቻል። ተራራው ወደ ላይ እየጠበበ ስለሚሄድ ስፋቱም ይቀንሳል፣ ይህ ብቻውን የዝርያ ቁጥር ሊያሳንስ ይችላል።

ከሁሉም በላይ ሰው አለ። እኛ አገር በከፍታ ላይ የሚደረግ ጥናት ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። የደኑ የታችኛው ጫፍ ለመንደር ቅርብ ነው፤ እንጨት ይለቀማል፣ ከብት ይገባል፣ ባሕር ዛፍና የፈረንጅ ጥድ ይተከላል። ላይኛው ክፍል ሩቅና ገደላማ ነው፣ ሰው አይደርስበትም። እናም ላይ ብዙ አገር በቀል ዛፍ ብታገኙ ምክንያቱ ቅዝቃዜው ነው ወይስ ርቀቱ? ካልለካችሁ በስተቀር መልሱን አታውቁትም።

ደረጃ 3፦ ቦታ ምረጡ

በአንድ ተራራ አንድ መስመር ብቻ ወጥታችሁ አትርኩ። አንድ መስመር ላይ የምታዩት ነገር የዚያ መስመር ጠባይ ሊሆን ይችላል። ቢያንስ ሦስት መስመር ያዙ። ከተቻለ የተለያየ ተራራ ላይ ይሁኑ። ከኮምቦልቻ በላይ የሚታየው የጎፍ፣ ደሴን የሚያዩት ጦሳና አዝዋ ገደል ለዚህ የተመቹ ናቸው። የጎፍ ተራራ ከ2000 ሜትር በታች ጀምሮ እስከ 3000 ሜትር ገደማ ስለሚደርስ ረጅም መስመር ይሰጣችኋል።

በየ100 ሜትር ከፍታ አንድ ፕሎት፣ ማለትም ተለክቶ የተከለለ የጥናት ቦታ፣ አስቀምጡ። ከ1900 እስከ 2900 ከሄዳችሁ 11 ፕሎት ነው፤ በሦስት መስመር 33። ለመመረቂያ ጽሑፍ ይበቃል። የፕሎቱን ትክክለኛ ነጥብ ግን እግራችሁ አይምረጥ። ሰው ሳያስበው ጥላ ወዳለበት፣ ዛፉ ወደሚያምርበት ይሄዳል። ቤት ሆናችሁ ካርታ ላይ ነጥቡን በዕጣ ምረጡና እዚያው ሂዱ። ከመኪና መንገድና ከደን ጠርዝ ቢያንስ 50 ሜትር ራቁ።

ተዳፋቱ ወዴት እንደሚያይ መዝግቡ። እዚህ ላይ የውጭ መማሪያ መጻሕፍትን እንዳለ አትቅዱ። አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ ሆነው የጻፉት «ወደ ሰሜን የሚያይ ተዳፋት ቀዝቃዛ ነው» ይላሉ። ደሴ ከምድር ወገብ 11 ዲግሪ ብቻ ወደ ሰሜን ናት። ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያና በነሐሴ አጋማሽ አካባቢ፣ ቀትር ላይ በቀጥታ አናታችን ላይ ትሆናለች። በመካከላቸው ባሉት ወራት ቀትር ላይ በሰሜን በኩል ናት። በበጋ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ስለዚህ ወደ ደቡብ የሚያይ ተዳፋት በደረቁ ወራት የበለጠ ፀሐይ ያገኛል፣ በክረምት ግን ነገሩ ይገለበጣል። ምሥራቅና ምዕራብም መረሳት የለባቸውም፤ ጠዋት ጥርት ብሎ ከሰዓት የሚደምን ከሆነ ምሥራቅ የሚያየው ተዳፋት ነው ፀሐዩን የሚያገኘው።

ጊዜውን በተመለከተ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ያለውን እመርጣለሁ። አበባ አለ፣ ሣሩ አልደረቀም፣ መንገዱ ጭቃው ቀንሷል። አበባ የሌለው ተክል መለየት ፈተና ነው። ታችኞቹን ፕሎቶች በመስከረም፣ ላይኞቹን በጥር አትሥሩ። እንደዚያ ካደረጋችሁ ልዩነቱ የከፍታ ይሁን የወር አይታወቅም። አንድ ቀን ታች፣ አንድ ቀን ላይ፣ አንድ ቀን መሐል እያላችሁ ቅደም ተከተሉን አዘበራርቁት።

ደረጃ 4፦ ፈቃድና ሰዎች

ከዩኒቨርሲቲያችሁ ወይም ከትምህርት ቤታችሁ የድጋፍ ደብዳቤ አውጡ። ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት አስገቡ፣ ከዚያ ቀበሌ ሂዱ። የቀበሌውን ደብዳቤ ለደን ጠባቂው አሳዩ። ናሙና ከአገር የምታስወጡ ከሆነ ደግሞ የኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ያስፈልጋል።

በየቤተ ክርስቲያኑ፣ በየመስጊዱና በየመካነ መቃብሩ ዙሪያ የቀሩትን አሮጌ ዛፎች ማየት ከፈለጋችሁ አስቀድማችሁ የደብሩን አስተዳዳሪ ወይም የመስጊዱን ኢማም አስፈቅዱ። ጫማ ማውለቅ ካለባችሁ አውልቁ። እነዚህ ቦታዎች ድሮ ምን ይበቅል እንደነበር ፍንጭ ይሰጣሉ። ከሌላው ፕሎት ጋር ግን አትደምሯቸው፤ ሰው የጠበቃቸው ስለሆኑ ለብቻቸው ይተንተኑ።

ሽማግሌዎችን ጠይቁ። «አባባ፣ ማሽላ እስከ የት ድረስ ይዘራል? በልጅነትዎስ እስከ የት ነበር?» የዚህ ጥያቄ መልስ ቦታው ድረስ ተወስዶ በጂፒኤስ ከተመዘገበ እውነተኛ ዳታ ነው። እትዬዎችን ደግሞ ስለ ማገዶ ጠይቁ፤ የትኛው ዛፍ እንደራቀና እንደጠፋ ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። እያንዳንዱን ሰው ሌላው ሳይሰማ ለብቻው ጠይቁት። ተሰብስበው ሲጠየቁ የትልቁ ሰው መልስ የሁሉም መልስ ይሆናል።

ደረጃ 5፦ ፕሎቱን መሥራት

የምትይዙት ይህ ነው፦ 50 ሜትር የሚደርስ መለኪያ ሜትር፣ የልብስ ሰፊ ሜትር፣ ሲባጎ፣ አራት ችካል፣ ስልክ፣ እርሳስ፣ ደብተር፣ አሮጌ ጋዜጣ፣ ካርቶን። እስክርቢቶ ዝናብ ሲነካው ይፈስሳል፣ እርሳስ ግን አይለቅም።

ለደን የተለመደው 20 በ20 ሜትር ፕሎት ነው። ቀላል ይመስላል፣ ተዳፋት ላይ ግን ጉድ አለው። ስፋት የሚሰላው በአግድም ርቀት ነው እንጂ መሬቱን ተከትሎ በተዘረጋ ሜትር አይደለም። 30 ዲግሪ በሚያዘነብል ቦታ ላይ 20 ሜትር አግድም ርቀት ለማግኘት ሜትሩን በመሬቱ ላይ 23.1 ሜትር መዘርጋት ይኖርባችኋል። 20 ዲግሪ ከሆነ 21.3 ሜትር። 20ን ለዝንባሌው ኮሳይን ማካፈል ነው። ዝንባሌውን የሚለካ ነፃ አፕ ስልክ ላይ አለ። ይህን ከዘለላችሁ ገደላማዎቹ ፕሎቶች ሁሉ ከሜዳው ያነሱ ይሆናሉ። ገደሉ ደግሞ የሚበዛው ላይ ስለሆነ፣ ከፍታ ዛፍ የቀነሰ ያስመስላል።

አሁን አንድ ጥድ እንለካ። በዳገቱ የላይኛው በኩል ቁሙ። ከመሬት 1.3 ሜትር ወደ ላይ ለኩ፤ የራሳችሁ ደረት ላይ የት እንደሚውል አንዴ ካወቃችሁ ሥራው ይፈጥናል። የልብስ ሰፊውን ሜትር ግንዱን አዙሩበት። የዛፍ ሽበትና ሐረግ ካለ ከሥሩ አሳልፉት። ዙሪያው 78.5 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ለ3.14 አካፍሉት፣ ውፍረቱ 25 ሴንቲ ሜትር ነው። ዛፉ ከ1.3 ሜትር በታች መንታ ከሆነ እያንዳንዱን ግንድ ለብቻ ለኩ። ካጋደለ በግንዱ አቅጣጫ ተከትላችሁ ለኩ እንጂ ቀጥ ብላችሁ አትለኩ። ውፍረቱ ከ2.5 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነውን በቁጥር ብቻ መዝግቡ። የጠርዝ ዛፍ ከገጠማችሁ ግማሽ በላይ ግንዱ ውስጥ ከሆነ ቁጠሩት፣ ካልሆነ ተዉት። ሕጉ ምንም ይሁን ምን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ይሁን።

በአራቱ ማዕዘንና በመሐል ደግሞ አንድ በአንድ ሜትር የሆኑ አምስት ትናንሽ ካሬዎች ሥሩ። እዚያ ውስጥ ሣሩን፣ ቅጠላ ቅጠሉንና የዛፍ ችግኙን ቁጠሩ። ችግኝ መቁጠር አሰልቺ ነው፤ ሆኖም ከዛፉ የበለጠ ወሬ የሚናገረው እሱ ነው። ትልቁ ወይራ የዛሬ ብዙ አሥርት ዓመታት የነበረውን አየር ይናገራል፣ ችግኙ የዛሬውን። ትልልቅ ጥድ ሞልቶ አንድ እንኳ የጥድ ችግኝ የሌለበት ፕሎት ካገኛችሁ በቀይ አስምሩበት።

ከታች ክትክታ፣ አጋም፣ ደደሆ፣ ግራር ታገኛላችሁ። እየወጣችሁ ስትሄዱ ጥድና ወይራ፣ ቀጋ ይመጣሉ። ወደ ላይ ደግሞ ኮሶና አስታ። የአገሬውን ስም ጻፉ፣ ሳይንሳዊ ስሙን ግን ገምታችሁ አትሙሉት። አንዱ ስም በሁለት ቀበሌ ሁለት ተክል ሊሆን ይችላል። ቅርንጫፉን ከነአበባው ወይም ከነፍሬው ቆርጣችሁ በጋዜጣ መሐል አድርጋችሁ በካርቶን እሰሩት፤ ጋዜጣውን በየቀኑ ቀይሩ። ቁጥር፣ ቦታ፣ ከፍታ፣ ቀን ይጻፍበት። የማትለዩትን አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ማከማቻ) ካሉት ናሙናዎች ጋር ማመሳከር ይቻላል።

የሰውንም አሻራ እዚያው ለኩ። ጉቶ ቁጠሩ። የከብት እበት ያለበትን ካሬ መዝግቡ። ወደ ቅርቡ ቤትና መንገድ ያለውን ርቀት ካርታ ላይ ለኩ። ይህን ያደረገ ተማሪ ጽሑፉን በሚከላከልበት ቀን ፈታኞች «ሰውስ?» ብለው ሲጠይቁት የሚመልሰው አለው።

ስለ ስልክ አንድ ነገር። ጂፒኤስ ኬክሮስና ኬንትሮሱን በጥቂት ሜትሮች ልዩነት ይነግራችኋል፣ ከፍታ ላይ ግን የበለጠ ይሳሳታል። አንድ ቦታ ላይ አምስት ደቂቃ ቆማችሁ ደጋግማችሁ አንብቡ፣ ከዚያ በሳተላይት የከፍታ ካርታ ላይ አረጋግጡ።

ደረጃ 6፦ ሙቀት፣ እርጥበት፣ አፈር

የኮምቦልቻ ሜትሮሎጂ ጣቢያ የረጅም ጊዜ መዝገብ አለው፤ በደብዳቤ ጠይቁ። የጣቢያው ሙቀት ግን የደኑ ሙቀት አይደለም። ዛፍ ጥላ አለው። ስለዚህ በራሳችሁ ለኩ። ገንዘብ ካለ ትንንሽ ዳታ ሎገር (ንባቡን በራሱ እየመዘገበ የሚያስቀምጥ መሣሪያ) ይገዛል፤ አንዱ አፈር ውስጥ፣ አንዱ ከፍ ብሎ ግንድ ላይ። ገንዘብ ከሌለ የቀኑን ከፍተኛና ዝቅተኛ የሚይዝ ቴርሞሜትር ይበቃል። ፀሐይ በቀጥታ የሚመታው ቴርሞሜትር የሚለካው ራሱን ነው እንጂ አየሩን አይደለም። ነጭ የፕላስቲክ ሳህኖች ገልብጣችሁ በመካከላቸው ክፍተት እየተዋችሁ ደርድሩና ከሥራቸው አንጠልጥሉት። ሁሉም ጣቢያ ላይ አንድ ዓይነት ሳህን ይሁን። ከመትከላችሁ በፊት ደግሞ መሣሪያዎቹን ሁሉ አንድ ክፍል ውስጥ ለአንድ ቀን አስቀምጣችሁ ንባባቸውን አወዳድሩ።

አፈር ከ0 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ውሰዱ። በአንድ ፕሎት ከአምስቱ ካሬዎች ወስዳችሁ ቀላቅሉት። እርጥበቱን ለማወቅ ወዲያው በፌስታል አጥብቃችሁ እሰሩ፣ መዝኑ፣ በ105 ዲግሪ ኦቨን ለ24 ሰዓት አድርቁ፣ እንደገና መዝኑ። የጠፋው ክብደት ውሃ ነው። እርጥበት ከዝናብ ማግሥት አይለካም፤ ሁሉንም ፕሎት ቢያንስ ሦስት ቀን ዝናብ ካልጣለ በኋላ ለኩ።

የኛ አካባቢ ሁለት የዝናብ ወቅት አለው፤ በልግና ክረምት። በልግ በጣለበትና በቀረበት ዓመት የምታዩት ሣር አንድ አይደለም። የዓመቱን በልግ ሁኔታ በጽሑፋችሁ ውስጥ አስገቡ።

ደረጃ 7፦ ሥነ ምህዳሩ ሲሠራ እዩት

ዝርያ መቁጠር ማን እንዳለ ይነግራችኋል። ሥራው እንዴት እንደሚሄድ ግን አይነግራችሁም። ለዚህ ከሁሉ ርካሹና እኔም አብልጬ የምወደው ሙከራ የቅጠል ከረጢት ነው።

ቀዳዳው 2 ሚሊ ሜትር የሆነ የናይለን መረብ ውሰዱ። 20 በ20 ሴንቲ ሜትር አድርጋችሁ ስፉ። ከአንድ ቦታ የተለቀመ የብሳና ቅጠል በጥላ አድርቃችሁ በእያንዳንዱ ከረጢት 10 ግራም ክተቱ። ሌላ ዙር ደግሞ የባሕር ዛፍ ቅጠል ጨምሩ፤ ጠንካራና ዘይታም ስለሆነ አፈር ቶሎ አይበላውም። ቁጥሩን በቆርቆሮ ላይ ጽፋችሁ ውስጥ አስገቡ፣ ወረቀት ይበሰብሳል። ከአፈሩ ጋር እንዲነካካ አድርጋችሁ በምስማር ቸንክሩት። ከእያንዳንዱ ቦታ አንዳንዱን በ1፣ በ3 እና በ6 ወር አውጡ። አፈሩን በቀስታ አራግፉ፣ በ65 ዲግሪ አድርቁ፣ መዝኑ።

ስሌቱ እንዲህ ነው። የመጨረሻውን ክብደት ለመጀመሪያው አካፍሉ፤ የዚያን የተፈጥሮ ሎጋሪዝም (ካልኩሌተር ላይ ln) ውሰዱ፤ ምልክቱን ገልብጡና ለጊዜው አካፍሉ። ለምሳሌ 10 ግራሙ ከግማሽ ዓመት በኋላ 6 ግራም ከሆነ፣ የ0.6 ሎጋሪዝም -0.51 ነው፤ ምልክቱ ተገልብጦ ለ0.5 ዓመት ሲካፈል 1.02 በዓመት ይሆናል። ይህን ቁጥር በየከፍታው አወዳድሩ። የቅጠሉ ዓይነት በሁሉም ቦታ አንድ ስለሆነ፣ የሚታየው ልዩነት የቦታው ነው።

በዓለም ዙሪያ ይህንኑ በሻይ ከረጢት የሚሠሩ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው ዘዴ አረንጓዴ ሻይና ሩይቦስ የሚባል ቀይ ሻይ 8 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ተቀብረው ከ90 ቀን ገደማ በኋላ እንዲወጡ ይላል። ከሌሎች አገሮች ጋር ማወዳደር ከፈለጋችሁ የታዘዘው የሻይ ዓይነት የግድ ነው። ካላገኛችሁት የራሳችሁ ብሳና አያሳፍርም።

ደረጃ 8፦ ቦታ ማቀያየር

ጊዜና አቅም ላለው ሰው ምክንያቱን የሚለየው ሙከራ ይህ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ጀምሮ ክላውሰን፣ ኬክና ሂሲ የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች ካሊፎርኒያ ውስጥ ከባሕር ዳርቻ አካባቢ እስከ 3050 ሜትር ገደማ በተሠሩ ሦስት የአትክልት ቦታዎች አንዱን ተክል በየቦታው እያቀያየሩ ተከሉ። ከተራራ የመጣው ታች ሲተከልም አጭር ሆኖ ቀረ። ስለዚህ አጭርነቱ ከብርዱ ብቻ የመጣ አይደለም፣ በዘሩ ውስጥም አለ።

እኛ ይህን በገብስ መሥራት እንችላለን። ከደሴ በላይ ካለ ገበሬ የገብስ ዘር ውሰዱ፣ ከታች ካለ ገበሬም ውሰዱ። ሁለቱንም ኮምቦልቻ አካባቢ፣ ደሴ አካባቢና ከደሴ በላይ ዝሩ። እያንዳንዱ ዘር በየቦታው ቢያንስ አምስት መደብ ይኑረው፤ ቦታቸው በዕጣ ይመደብ። አፈሩ እንዳያምታታ ግማሹን በአንድ ዓይነት አፈር በተሞላ ጣሳ ውስጥ ዝሩ። የበቀለበትን፣ ያሸተበትን ቀንና የፍሬውን ክብደት መዝግቡ። አረም ዝርያዎችን ግን ወደ ላይ ወስዳችሁ አትሞክሩ። ፓርቲኒየምና የወፍ ቆሎ እስከ የት እንደደረሱ መመዝገብ ጥሩ ጥናት ነው፣ ማሻገር ግን ጥፋት ነው።

ተራራ ለማይመቸው፦ ቦርከና

ወንዝም ግራዲየንት ነው። ቦርከና ከደሴ በኩል በዶሮ መዝለያ ገደል ወርዶ ኮምቦልቻን ያልፋል። ድንጋይ ገልብጣችሁ ከሥሩ የሚኖሩትን የነፍሳት እጮች መቁጠር ትችላላችሁ። ሦስት ጭራ ያላቸው፣ በሆዳቸው ጎን ላባ የመሰለ መተንፈሻ ያላቸው እጮች ኦክስጅን የበዛበት ንጹሕ ውሃ ይወዳሉ። ደም የመሰሉ ቀያይ ትሎች ደግሞ ኦክስጅን ባጣ ውሃም ይኖራሉ። ችግሩ ወንዙ ሲወርድ ሙቀቱም ፍጥነቱም ብክለቱም አንድ ላይ መለወጣቸው ነው። መፍትሔው እዚያው ከፍታ ላይ ያለ፣ ከተማ ያልነካው ገባር ወንዝ ፈልጎ ጎን ለጎን ማጥናት ነው። ጓንት አድርጉ፤ ከፋብሪካና ከከተማ ፍሳሽ በታች ባዶ እጅ አታስገቡ።

ደረጃ 9፦ ትንተና

ከሁሉ በፊት ሥዕል ሥሩ። ከፍታ በአግድም፣ የዝርያ ብዛት በቁም። ነጥቦቹን በዓይናችሁ እዩ። ብዙ ተራሮች ላይ የዝርያ ቁጥር መሐል ላይ ስለሚበዛ ቀጥታ መስመር ብቻ አትሞክሩ፤ የጎበጠውንም ሞክሩና አወዳድሩ። መሐል ላይ መብዛቱ ራሱ ምክንያቱ ሁልጊዜ አየር አይደለም። ተራራ ታችና ላይ ወሰን ስላለው የዝርያዎቹ ክልሎች በዘፈቀደ ቢወድቁ እንኳ መሐል ላይ ይደራረባሉ።

ዛፍ የበዛበት ፕሎት ዝርያም ይበዛበታል። ስለዚህ 100 ግንድ ያለውን ከ20 ግንድ ጋር በቀጥታ አታወዳድሩ፤ በእኩል የግንድ ቁጥር አስልታችሁ አወዳድሩ። ከዚያ ሙቀትን፣ እርጥበትን፣ ዝንባሌን፣ የጉቶ ቁጥርን ከከፍታው ጋር አንድ ላይ ሪግሬሽን (የየምክንያቱን ድርሻ ለይቶ የሚያሰላ የስታቲስቲክስ ዘዴ) ውስጥ አስገቡ። ጉቶው ሲገባ የከፍታ ውጤት ከጠፋ፣ ታሪኩ የመጥረቢያ ነበር ማለት ነው። አር (R) የተባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ነፃ ነው፤ ቪጋን (vegan) የሚባለው ጥቅሉ ለዚህ ዓይነት ዳታ የተሠራ ነው። አንድ ፕሎት ውስጥ ያሉትን አምስት ካሬዎች እንደ አምስት ናሙና አትቁጠሩ። አንድ ቦታ ናቸው፤ የእናንተ ናሙና ቁጥር 33 እንጂ 165 አይደለም።

ደረጃ 10፦ ምን ማለት ትችላላችሁ፣ ዳታውንስ የት ታኖራላችሁ

1 ዲግሪ ሙቀት ወደ 150 ሜትር ከፍታ ይመነዘራል። ስለዚህ አየሩ እየሞቀ ሲሄድ የታችኛው ፕሎት የዛሬ ኑሮ የላይኛው የነገ ኑሮ ይመስላል ብሎ ማሰብ ይቻላል። ብዙ ጥናት በዚህ ሐሳብ ይቆማል። ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል፤ ዛፍ በአንድ ትውልድ 150 ሜትር ላይወጣ ይችላል፣ አፈሩም አብሮት አይወጣም። ጫፍ ላይ ያለው አስታ ደግሞ ከዚያ በላይ የሚሄድበት ተራራ የለውም። ጽሑፋችሁ ላይ «ይጠቁማል» የሚባለውንና «ያረጋግጣል» የሚባለውን ለዩ።

ስለ ሁምቦልት ተራራ የቀረ አንድ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 ተመራማሪዎች ወደ ቺምቦራዞ ተመልሰው ዕፅዋቱ ከ500 ሜትር በላይ ወደ ላይ መሸሻቸውን በ2015 አሳተሙ። በ2019 ሌሎች ተመራማሪዎች የሁምቦልትን መዛግብት ሲመረምሩ ከላይኛው ከፍታ የተሰበሰቡት ብዙዎቹ ዕፅዋት አንቲሳና ከሚባል ሌላ ተራራ የመጡ ሆነው ተገኙ። እንደገና ሲሰላ ለውጡ ወደ 215–266 ሜትር ገደማ ዝቅ አለ። የ200 ዓመት ልፋት ያወዛገበው «ይህ ተክል ከየት ተቆረጠ» የሚለው መረጃ ነው።

ስለዚህ የየፕሎቱን ማዕዘን በጂፒኤስ መዝግቡ፣ ከአራቱም አቅጣጫ ፎቶ አንሡ፣ መሐሉ ላይ የብረት ችካል ቅበሩ። የመስክ ደብተራችሁን ገጽ በገጽ ፎቶ አንሥታችሁ ከኤክሴሉ ጋር አኑሩ። አንዱን ቅጂ ለዩኒቨርሲቲያችሁ ቤተ መጻሕፍት፣ አንዱን ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ስጡ። ለቀበሌው ደግሞ የተገኘውን በሁለት ገጽ አማርኛ ጻፉና ራሳችሁ ውሰዱት፤ ማሽላው እስከ የት እንደደረሰ ያሳዩአችሁ ሽማግሌዎች ካርታው ላይ ቦታቸውን ማየት አለባቸው።